ጎጆ፣ ጀፎረና ብሎኬት፦ የተማሪ ማደሪያ ታሪክና የዘላቂነት ጥያቄ



የዛሬው ርእሴ የተማሪ ማደሪያ ነው። የታሪክ ባለሙያ ስለ መኝታ ቤት ምን ይናገራል የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ አእምሮ ሊመላለስ እንደሚችል እገምታለሁ። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ታሪክ ሲጻፍ ስለ ፕሬዚዳንቶች፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርትና ስለ ተማሪዎች የፖለቲካ ንቅናቄ ብዙ ይባላል። ተማሪው ሌሊቱን የት እንዳደረ፣ ውኃ ከየት እንደቀዳ፣ የተሰበረውን በር ማን እንደጠገነው ግን በግርጌ ማስታወሻ እንኳ እምብዛም አይገኝም። አንድ ተማሪ ለትምህርት ከሚያሳልፈው የሕይወቱ ክፍል የሚበዛው ከመማሪያ ክፍል ውጭ የሚያልፍ ሆኖ ሳለ እንዲህ መሆኑ ያስገርማል።

በዘመናችን «ዘላቂ» የሚለው ቃል በየዕቅዱና በየሪፖርቱ ይገኛል። እኔ ቃሉን በቀላሉ እወስደዋለሁ። ዘላቂ ቤት ማለት የሚኖሩበት ሰዎች በራሳቸው አቅም ሊጠብቁት የሚችሉት፣ የቆመበትን አፈርና የሚጠጣውን ውኃ ሳይጨርስ ከሚቀጥለው ትውልድ እጅ የሚደርስ ቤት ነው። በዚህ መለኪያ የሀገራችን የተማሪ ማደሪያ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ? የምንኖርበት የጉራጌ ምድር፣ በተለይም እኔ ተወልጄ ያደግሁበት መስቃን፣ ለዚህ ጥያቄ የሚያዋጣው ነገር አለ? በሁለቱ ጥያቄዎች ዙሪያ እናገራለሁ። ካልጠቀስሁ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

፩. ተማሪው ራሱ የሠራው ቤት

የኢትዮጵያ የተማሪ ማደሪያ ታሪክ ከዩኒቨርሲቲ አይጀምርም። በዋሸራ፣ በዲማ፣ በጎንጅ ቅኔ ሊቀጽል፣ በቤተልሔም ድጓ ሊማር ከሩቅ አገር የመጣ የቆሎ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራው ማደሪያ ማግኘት ነበር። ቀደም ብለው ከመጡት ጋር ይጠጋል፤ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ እንጨት ቆርጦ፣ ጭራሮ ለቅሞ፣ ሳር አጭዶ ጎጆውን ይቀልሳል። ከየኔታ ቤትና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ የሚሰባሰቡት እነዚህ ትንንሽ ጎጆዎች የሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የተማሪ መንደሮች ናቸው። ጎጆውን ትቶ የሚሄደው ተማሪ ለመጪው ያወርሰዋል፤ መጪው ደግሞ ክዳኑን ያድሳል። ምግቡ በአካባቢው ገበሬ ልግስና ላይ የተመሠረተ ነበር። በእስልምናው ትምህርትም ደረሳው በሼኹ ግቢ ወይም በአካባቢው አድሮ፣ የመንደሩን ሰው እንግዳ ተቀባይነት ተመርኩዞ ኪታቡን ይቀራ ነበር። በሁለቱም ሥርዓቶች ትምህርት ቤቱ ለማደሪያ የመደበው በጀት አልነበረም። ቤቱን የሚያቆመው የተማሪው ጉልበትና የአካባቢው ፈቃድ ነበር።

ይህን ሕይወት ከሚገባው በላይ ላሳምረው አልፈልግም። ጎጆው ጠባብ፣ ጭሳም፣ ለተባይና ለተላላፊ በሽታ የተጋለጠ ነበር። በረኃብና በወረርሽኝ ያለቀው ተማሪ ቁጥር አልተመዘገበም። ከዚህም በላይ ሥርዓቱ የተዘረጋው በአመዛኙ ለወንዶች ነበር፤ ሴት ልጅ ጎጆ ቀልሳ የምትማርበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ልንወስድ እንችላለን፤ በቤቱ የሚያድረው ሰው ቤቱ እንዴት እንደተሠራ ያውቅ ነበር፤ ሲያፈስም መጠገኑ የሌላ ሰው ሥራ አይደለም።

ይህ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1881 በአሜሪካ አላባማ የተቋቋመው የተስኪጊ ተቋም፣ በቡከር ቲ. ዋሽንግተን መሪነት፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ልጆች የሚማሩባቸውንና የሚያድሩባቸውን ሕንጻዎች በራሳቸው እጅ እንዲሠሩ አድርጓል። ጡብ መተኰስ ሲጀምሩ ሦስት ጊዜ ምድጃቸው ከሸፈ፤ በአራተኛው ተሳካላቸው። ከዚያ በኋላ ለአካባቢው ነዋሪም ጡብ እስከ መሸጥ ደረሱ። እዚያ ግንባታው ራሱ የትምህርቱ አካል ሆኖ ነበር።

፪. ቤተ መንግሥት ማደሪያ ሲሆን

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲጀመር የተማሪው ማደሪያ የመንግሥት ኃላፊነት ሆነ። መንግሥት መምህራንን ከውጭ አስመጣ፤ ተማሪውንም በአዳሪነት አስቀምጦ መገበው። ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡ ስለሆኑም ዘመድ በከተማው ያልነበራቸው ብዙዎች ናቸው። ማደሪያው ከተለያየ ቋንቋና ወግ የመጡ ወጣቶች አንድ ማዕድ የሚቀርቡበት፣ ሌሊቱን ሲከራከሩ የሚያድሩበት ሥፍራ ሆነ።

በ1950 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለሌሎች አፍሪካ አገሮች ወጣቶች የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጡ። ከኬንያ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡት ተማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር አብረው ሲያድሩ የፀረ ቅኝ ግዛት ትግል ወሬ በመኝታ ክፍሎቹ ይነገር ጀመር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች ለድጋፍ ሰልፍ መውጣታቸው ከዚህ አብሮ መኖር ተለይቶ ሊታይ አይችልም። ከዓመት በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ባለሥልጣናት የተገደሉበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለአዲሱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ።

በዚያው ወቅት አካባቢ የአዳሪነቱ ሥርዓት እንዲቀር ተወሰነ። ለተማሪው በማደሪያና በምግብ ፋንታ መደጎሚያ ገንዘብ እየተሰጠው በከተማው ቤት ፈልጎ እንዲያድር ተደረገ። ውሳኔው የገንዘብ ምክንያት ነበረው፤ የፖለቲካ ፍርሃትም ነበረበት። ተማሪዎቹ አጥብቀው ተቃወሙ። ውሳኔው ያሰበውን ሁሉ አመጣ ለማለት ግን ያስቸግራል። ተማሪው ከግቢው ሲወጣ የከተማውን ድኻ ጎረቤቱ አደረገ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለማኞችና መጠለያ የሌላቸው ሰዎች ታጉረውበት የነበረውን የሾላ ካምፕ በመቃወም ሲጮኹ የነገሩን ዝርዝር በዓይናቸው አይተው ነው። ማደሪያ የበጀት ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንደማያውቅ የዚያ ዘመን ታሪክ ይመሰክራል።

በሌላ አቅጣጫ የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ነበር። በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የተመሠረተውና በ1950 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ኮሌጅ ከከተማ ርቆ ስለተሠራ መምህሩም ተማሪውም እዚያው ማደር ነበረባቸው። የእርሻ ማሳው፣ የከብት እርባታውና መኖሪያው በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። የአለማያ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል። ግቢ መሬቱንና ማደሪያውን አገናኝቶ ሊታቀድ ይችላል፤ ይሁንና ከከተማ የራቀ ግቢ ውኃውንም ኃይሉንም በራሱ ማሰብ ይገደዳል።

ከዚያ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነገሩን ገለበጠው። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ተማሪው ገበሬው ሠፈር ሄዶ አደረ። ከዘመቻው የፖለቲካ ውጤት ባሻገር አንድ ትውልድ የጭቃ ቤት እንዴት እንደሚቆም፣ ምንጭ እንዴት እንደሚጎለብት፣ ሽንት ቤት የት እንደሚቆፈር ተማረ። የሚያሳዝነው ትምህርቱ ወደ ግቢ አለመመለሱ ነው፤ ተማሪዎቹ ሲመለሱ የገቡባቸው ሕንጻዎች ከዚያ ልምድ ምንም አልወሰዱም።

፫. የብሎኬቱ ዘመን

ኤርትራ ከተለየች በኋላ በሀገራችን የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የአለማያ ሁለት ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ነው። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይህን ያህል መስፋፋት በአህጉሩ ታሪክ ብዙ ጊዜ አልታየም። ለ13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ግንባታ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ከመንግሥት ጋር ተሠማርቶ ነበር። ይኸው ድርጅት በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የመጀመሪያ ሙከራ ላይ ወጪ ቆጣቢ የግንባታ ዘዴ ያስተዋወቀ ነው። አሳቡ ግልጽ ነበር፤ ብዙ ሕንጻ በአጭር ጊዜ፣ በአነስተኛ ወጪ፣ አነስተኛ ተቋራጮችንና ወጣት ሙያተኞችን እያሠለጠኑ መሥራት።

በዚህ ስፋት ላይ ቂም የለኝም። በደጋና በቆላ ያሉ፣ አያት ቅድመ አያታቸው ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች ዩኒቨርሲቲ የገቡት በእነዚህ ሕንጻዎች ምክንያት ነው። ሴት ተማሪዎች በብዛት ከቤተሰባቸው ርቀው መማር የቻሉት በር ተቆልፎ ጥበቃ የሚደረግለት ማደሪያ ስላለ ነው። ይህን የረሳ ትችት ፍትሐዊ አይሆንም።

ነገር ግን አንድ ዓይነት ሕንጻ ለሁሉም አየር ንብረት ተሠራ። ሙቀት ባለበት ቆላም ብርድ ባለበት ደጋም ያው አርማታ፣ ያው ብሎኬት፣ ያው ቆርቆሮ ነው። ሙቀት፣ ብርሃን፣ ነፋስ፣ ዝናብ እንደየቦታው ሲለያዩ ሕንጻው አልተለወጠም። ከሁሉም በላይ ግን የጥገናው ሥርዓት ከግንባታው ጋር አብሮ አልተወለደም። ሕንጻ በካፒታል በጀት ይሠራል፤ የቧንቧ ጎማ ግን ከመደበኛ በጀት ይገዛል። ሁለቱ በጀቶች በተለያየ ጠረጴዛ ስለሚወሰኑ አዲስ ሕንጻ ማስመረቅ የአሮጌውን ሽንት ቤት ከማስጠገን ቀላል ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ የሕግ ጉዳይ ላንሣ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 የዲግሪ ተማሪ የማደሪያውንና የምግቡን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ ከገቢው እየከፈለ እንዲመልስ አዝዞ ነበር። ሌላ ምንም ባይባል ይህ አንቀጽ የተማሪውን ደረጃ ለውጦታል። የማደሪያው ሙሉ ወጪ በስሙ በዕዳ ተመዝግቧል። ስለዚህ ተማሪው የመንግሥት እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ያለበት ተከራይ ሆኗል። ይሁንና የተከራይ መብት የለውም፤ ክፍሉ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ የተበላሸው በስንት ቀን እንደሚጠገን፣ የከፈለው ወጪ በምን ላይ እንደዋለ የሚጠይቅበት መድረክ የለም። የቆሎ ተማሪው ዕዳ ሳይኖርበት የቤቱ ባለቤት ነበር። የዛሬው ተማሪ ዕዳው አለበት፤ ባለቤትነቱ የለውም። እኔ እንደማስበው የማደሪያዎቻችን የጥገና ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ሰው የራሱ ያልሆነን ቧንቧ ሳይዘጋ ቢሄድ ጸባዩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉና ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲላኩ በበርካታ ግቢዎች ማደሪያዎቹ ለይቶ ማቆያ ሆኑ። ያ ጊዜ ሁለት ነገር ገለጠ። አንደኛ፣ እነዚህ ሕንጻዎች በችግር ጊዜ ለሀገር የሚደርሱ የሕዝብ ሀብት ናቸው። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል የሚያድርበትና ውኃ በሰዓት የሚመጣበት ማደሪያ ለወረርሽኝ የማይመች መሆኑን ሁሉም አየው።

፬. ከመስቃን ምን እንማራለን?

አሁን ወደ አካባቢያችን ልመለስ። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. በጉብርዬ ሲመሠረት የጉራጌ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ የጠየቀው ጥያቄ መልስ አገኘ። ቡታጅራም በኮሌጆቿና በትምህርት ቤቶቿ ከገጠር የሚመጣውን ወጣት ስታስተናግድ ኖራለች። ይሁን እንጂ በከተሞቻችን ያለው የተማሪ ማደሪያ አብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለ አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ተማሪው፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው፣ በጠባብ የጭቃ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይቶ የሚኖር ነው። እኔም ቡታጅራ ስማር እንዲሁ ነበርኩ። በሰንበት ወደ ቀዬዬ ሄጄ ቆጮና አይብ ይዤ እመለስ ነበር፤ ስንቁ ሐሙስ ሲያልቅ ዓርብን በሻይ ነበር የማልፈው። ይህ ዓይነቱ ማደሪያ በየትኛውም የትምህርት ዕቅድ ውስጥ አልተጻፈም፤ ነገር ግን በርካታ የሀገራችን ምሁራን ከዚያ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ስለ ተማሪ ማደሪያ ስንናገር ከአጥሩ ውጭ ያለውን ተማሪ አንርሳ።

ከዚህ ምድር የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ጀፎረ ነው። የጉራጌ መንደር ቤቶች ሰፊ በሆነ፣ ሳር በለበሰ የወል ጎዳና ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይሠራሉ። ፊታቸው ወደ ጀፎረው ነው፤ ጓሯቸው እንሰት ነው። ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ ሽምግልናው፣ የልጆች ጨዋታው በጀፎረው ላይ ይካሄዳል። የሚያስደንቀው ስፋቱ ብቻ ሳይሆን መሬት በጠበበበት አገር ማንም ሰው አጥሩን ወደ ጀፎረው አለመግፋቱ ነው። ይህ የሆነው ሽማግሌ ስላለ፣ ልማዳዊ ሕግ ስላለ ነው። በሰባት ቤት በኩል የጆካ ቅጫ፣ በእኛ በምሥራቁ በኩል ሴራ የምንለው ሕግ ወሰን የገፋውን ይጠይቃል። ጀፎረ ያለ ጥበቃ ሠራተኛ፣ ያለ በጀት ትውልድ የተሻገረ የጋራ ሥፍራ ነው። የማደሪያ ሕንጻዎቻችን መካከል ያለው ባዶ ቦታ ግን የማንም አይደለም፤ የማንም ያልሆነ ቦታ ደግሞ የቆሻሻ መጣያ ይሆናል።

ሁለተኛው እንሰት ነው። ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። በጉራጌ ቤት ከብቱ ከሰው ጋር ያድራል፤ ፍጉ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ እንሰቱ በፍጉ ይለመልማል፤ ቆጮውና ቡላው ሰውን ይመግባል፤ ቅጠሉና ቃጫው ለቤት ዕቃ፣ ለመጠቅለያ፣ ለማሰሪያ ይውላል፤ ተረፈ ምርቱም ለከብት ይመለሳል። ከቤቱ የሚወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ አለው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ቤት ተረፈ ምግብና የሺህ ሰዎች ሽንት ቤት ፍሳሽ ግን በየዕለቱ ወጪ እየተደረገበት ይወገዳል። እዚሁ አጠገባችን ያለች እናት ሁልጊዜ የምትሠራውን ሥራ በባዮጋዝ ጉድጓድና በማዳበሪያ ማሳ አማካይነት በግቢ ደረጃ መሥራት ለእርሻና ለምሕንድስና ፋኩልቲዎቻችን ከአቅም በላይ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። ባህላዊው ቤት ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1979 ዓ.ም. አካባቢ በመስቃንና በቡታጅራ በ10 ቀበሌዎች የጀመረው የገጠር ጤና ጥናት መርሐ ግብር ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገበ ለረጅም ዓመታት ቆይቷል። በዚያው አካባቢ በገጠር ቤቶች ውስጥ ያለውን የጭስ ብክለት የለኩ ጥናቶችም ተካሂደዋል። የእናቶቻችን ዓይን የሚያለቅሰው ከጭሱ ነው። ስለዚህ ከባህሉ የምንወስደው አሠራሩን እንጂ ጭሱን አይደለም። ከጥናቱ የምንወስደው ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለ፤ በየጊዜው በትዕግሥት የሚመዘግብ ተቋም ብቻ ነው ለውጥ መኖሩን የሚያውቀው። ለማደሪያዎቻችን እንዲህ ያለ መዝገብ አላዘጋጀንም።

ሦስተኛው ማዋጣት ነው። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች በአዲስ አበባ ተሰባስበው በጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ አስተባባሪነት የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከነጋዴው፣ ከሊስትሮው፣ ከመንግሥት ሠራተኛው ገንዘብ ሰብስበው ከመንግሥት ድጋፍ ጋር አያይዘው መንገድ አስጠረጉ። በእኛ በኩልም ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚዘልቀው መንገድ እንዲሁ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ሕዝቡ መንገዱን ከመንግሥት እስኪሰጠው አልጠበቀም፤ መንግሥትንም ከኃላፊነቱ አላወጣም። ማደሪያን በተመለከተ ይህን የመሰለ የመካከል መንገድ ሊኖር ይችላል።

፭. አፈር፣ ድንጋይና ውኃ

ስለ ግንባታ ቁሳቁስ ሁለት ነገር ልበል። በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ሕንጻ፣ የሕንጻ ግንባታና የከተማ ልማት ተቋም እና የዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ትብብር «ሱዱ» የተባለ ባለ ሁለት ደረጃ የሙከራ ቤት ተሠርቶ ነበር። ቤቱ በዋነኛነት የተሠራው ከአፈር ነው፤ ወለሉንና ጣሪያውን የሚሸከሙት በተጨመቀ አፈር ጡብ የተሠሩ ቅስቶች ናቸው። ብዙ እንጨትና ብረት ሳይፈጅ ፎቅ ሊቆም እንደሚችል አሳይቷል። እንዲህ ያለው ሙከራ በራሳችን ምሁራን እጅ፣ በራሳችን ዋና ከተማ ከተደረገ በኋላ የተማሪ ማደሪያ ግንባታ ከብሎኬትና ከአርማታ ሌላ አማራጭ እንደሌለ መታየቱ ሊያነጋግረን ይገባል።

ከቡታጅራ እስከ ስልጢ ያለው ምድር የእሳተ ገሞራ ጉብታ የሞላበት ነው፤ የሐረ ሸይጣን ሐይቅ ራሱ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀላልና ሙቀት የማያስተላልፍ የግንባታ ግብዓት ይሆናል፤ ተፈጭቶ ከኖራ ጋር ሲዋሐድም ይጠነክራል። የጥንት ሮማውያን በእሳተ ገሞራ አመድ የሠሯቸው ግድግዳዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ሲሚንቶ ከሩቅ በጭነት መኪና ከማስመጣት በፊት ከእግራችን ሥር ያለውን መመርመር የጂኦሎጂና የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሊሆን ይገባል።

ውኃ ግን ከሁሉ ይቀድማል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በወልቂጤ ከተማ ነዋሪዎች የመጠጥ ውኃ ይሰጠን ብለው አደባባይ በወጡበት ጊዜ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ ስለ ግቢ ውኃ የምንናገረው ነገር ሁሉ ጎረቤቱን ከተማ የሚያስታውስ መሆን አለበት። ቀላል ስሌት ላቅርብ። አንድ የማደሪያ ሕንጻ 80 ክፍል ቢኖረው፣ በእያንዳንዱም 6 ተማሪ ቢያድር፣ 480 ሰው ይሆናል። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብቻ ብንመድብ ሕንጻው በቀን 9,600 ሊትር፣ ማለትም 480 ጀሪካን ውኃ ይፈልጋል። የሕንጻው ጣሪያ 600 ካሬ ሜትር ቢሆንና በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብበት፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 480,000 ሊትር ይሰበሰባል። ይህ የ50 ቀን ፍጆታ ነው። ዓመቱን አይሸፍንም፤ ሆኖም ለልብስ ማጠቢያና ለሽንት ቤት ከዋለ ግቢው ከከተማው ቧንቧ ጋር የሚሻማበትን ጊዜ ይቀንሳል። ዛሬ ይህ ውኃ ጣሪያውን አጥቦ ግቢውን ሸርሽሮ ይሄዳል።

፮. ምን ይደረግ?

የታሪክ መምህር ዕቅድ አውጪ አይደለም፤ ይሁንና ከላይ የዘረዘርኩት ታሪክ አራት ነገር ወደ ማለት ይመራኛል።

አንደኛ፣ ማናቸውም አዲስ ማደሪያ ሲሠራ የጥገናው በጀት አብሮ ይጻፍ። ሕንጻ ሲመረቅ ሪባን ከመቁረጥ ጋር የ20 ዓመት የጥገና ሰነድም ይፈረም።

ሁለተኛ፣ የማደሪያውን ሙሉ ወጪ በዕዳ የሚሸከመው ተማሪ በማደሪያው አስተዳደር ላይ ድምፅ ይኑረው። በየሕንጻው የተማሪዎች፣ የፕሮክተሮችና የጥገና ክፍል የጋራ ጉባኤ ይቋቋም፤ ሴራ እንደምንለው ያለ በራሳቸው የተስማሙበት ደንብ ይኑራቸው፤ የተበላሸውና የተጠገነው በግልጽ ሰሌዳ ይለጠፍ። ዩኒቨርሲቲዎች በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ወደ ራስ ገዝነት ሲያመሩ የማደሪያ ዋጋ ጥያቄ ከቀድሞው በበለጠ ይነሣል። ዋጋው ከመነሣቱ በፊት መብቱ ይነሣ።

ሦስተኛ፣ ከግቢ ውጭ ተከራይቶ የሚያድረውን ተማሪ ከተማው ይወቀው። የከተማ አስተዳደር፣ ኮሌጆችና የአካባቢው ተወላጅ ማኅበራት ተባብረው ለገጠር ልጆች፣ በተለይም ለሴቶች፣ በመጠኑ የሚከፈልበት የጋራ ማደሪያ ቢያስገነቡ የ1950ዎቹ የመንገድ ማኅበር ወራሾች ይሆናሉ።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ ፋኩልቲ ግቢውን የምርምር ሜዳ ያድርገው። ምሕንድስናው በአፈርና በጠጠር አንድ የሙከራ ክፍል ይሥራ፤ እርሻው ከምግብ ቤቱ ጓሮ እንሰት ይትከል፤ ጤናው በማደሪያው የሚታመመውን ይመዝግብ፤ እኛም የታሪክ ሰዎች የቀድሞ ተማሪዎችን እየጠየቅን የእነዚህን ቤቶች ታሪክ እንጻፍ።

በመጨረሻ ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ ልስጥ። በሚቀጥለው ሰኞ የምታድሩበትን ሕንጻ ዞራችሁ እዩ። ስንት ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ፣ ስንት መስኮት መስታወት እንደጎደለው፣ የጣሪያው ውኃ የት እንደሚወርድ በደብተር ጻፉ፤ ቀኑንም መዝግቡ። ከወር በኋላ ደግማችሁ ጻፉ። ሁለቱን ገጾች ይዛችሁ ስትመጡ የዚህ ግቢ የማደሪያ ታሪክ የመጀመሪያው ሰነድ ይሆናል፤ እኔም ቢሮዬ በሩ ክፍት ነው።